ጥፍር የሚያበቅሉት እትዬ አማረች

ስልክ የደወለልኝ የቦንጋ ጤና ጣቢያው የድሮ ዘበኛችን ነው። «ሲስተር፣ እትዬ አማረች ዐረፉ። ትናንት ቀበርናቸው» አለኝ። ምን አግኝቷቸው ነው ብዬ አልጠየቅሁም። ማን ቀበራቸው፣ ማን አስታመማቸው አላልኩም። ከአፌ የወጣው «እጃቸው እንዴት ነበር?» የሚል ነው። ሰውየው ግራ ገብቶት «እጃቸውማ ያው እጃቸው ነው» ብሎ ስለ ሰልስቱ ያወራኝ ጀመር። አሁን ከምኖርበት ከጅማ ቦንጋ ሩቅ አይደለም፤ ጠዋት ብነሣ እደርስ ነበር። አልሄድኩም። ለቅሶ የማላውቅ ሰው ሆኜ አይደለም። እኔ እንኳን ለወዳጅ፣ ስሙን ለማላውቀው ሬሳም የማነባ ሴት ነኝ። ለእትዬ አማረች ግን በምን ፊቴ?

ቦንጋ የተመደብኩት ኢሕአዴግ ከገባ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ገና ነርስነት ተመርቄ እንደወጣሁ ነው። ጤና ጣቢያዋ ትንሽ ነበረች። ዝናብ ሲጥል የቆርቆሮው ጩኸት በሽተኛ የሚናገረውን አያሰማም፤ ቦንጋ ላይ ደግሞ የማይዘንብበትን ቀን ፈልጎ ማግኘት ነው። እትዬ አማረች የጽዳት ሠራተኛችን ነበሩ። አጠር ያሉ፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ጥብቅ አድርገው የሚያስሩ፣ ሲስቁ አፋቸውን በክንዳቸው የሚሸፍኑ ሴት። የካፋ ሰው ናቸው፤ አማርኛውን ከትልቅነታቸው በኋላ ከቢሮ ሰው አፍ እየለቀሙ የተማሩት ስለሆነ አጭር አጭር እያደረጉ ነው የሚናገሩት። ጥፍርን «እሷ» ይሏታል፣ ልክ ጎረቤታቸው እንደሆነች።

ሰው መጀመሪያ የሚያይላቸው እጃቸውን ነበር። ቀኑን ሙሉ በበረኪና ወለል የሚያሽ ሰው እጅ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። የእሳቸው ግን ሌላ ነው። ጥፍሮቻቸው ከሥጋው ትንሽ አለፍ ብለው የቆሙ፣ ጫፋቸው እኩል የተሞረደ፣ ስንጥቅ የሌለባቸው፣ ወዛም ነበሩ። እኛ ወጣት ነርሶች «የሚኒስትር ሚስት እጅ» እንላቸው ነበር። እሳቸው ይስቃሉ፣ በክንዳቸው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም አሉ። ሥራ በጀመሩበት ዓመት በረኪናው ጥፍራቸውን እየላጠ ሥጋው ድረስ ወስዶት ነበር። ሌላ ሰው የድሃ እጅ ነው ብሎ ይተወዋል። እሳቸውን ግን ነገሩ አናደዳቸው። «እኔ ድሃ ነኝ፤ እሷ ምን አደረገች?» ብለው ከዕቃ ግምጃ ቤት ቀዳዳ ጓንት ለምነው፣ ቀዳዳውን በኪኒን መያዣ ላስቲክ ቋጥረው ማድረግ ጀመሩ። ከሥራ ሲወጡ እጃቸውን ለብ ባለ ውኃ ይዘፈዝፋሉ፤ ከዚያ የጉሎ ዘይት በጥፍሩ ሥር ሥር እያሹ ይቀመጣሉ። ስድስት ወር ፈጀባቸው። «ጥፍር አትቸኩልም። አንቺ ከቸኮልሽ እሷ ትስቅብሻለች» ይሉ ነበር።

ትምህርታቸው በነጻ ነው፣ መቆጣታቸውም በነጻ። አንድ ቀን ወንበር ላይ ተቀምጬ ጥፍሬን በምላጭ ስቆርጥ ያዙኝ።

«ደረቅ ጥፍር ትቆርጫለሽ? ነርስ ነሽ ደግሞ!»

«ምን ላድርግ እትዬ?»

«ታጠቢ። ትራስ። ከዚያ ቁረጪ። ደርቃ ከቆረጥሻት ተሰንጥቃ ትበቀልሻለች። ዙሪያዋን ያለውን ቆዳ አትላጪ፤ እሱ በሯ ነው። በር ከሰበርሽ ሌባ ይገባል።»

ሌባ የሚሉት ጥፍረ መጥምጥን ነው። እኔ ሦስት ዓመት የተማርኩትን እሳቸው በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሱት። ኃላፊያችን ስብሰባ ላይ ጥፍሩን የመብላት አመል ነበረበት፤ አንድ ቀን ወለል እየጠረጉ በፊቱ ሲያልፉ ቀና ብለው አዩትና «ጌታዬ፣ ምሳ ላስመጣልዎ?» አሉት። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ኃላፊያችን ከዚያ ወዲያ እጁን ከጭኑ ሥር አድርጎ ነበር የሚሰበስበን።

ከሁሉ የሚታወቁት ግን በእንሶስላ ነው። የቦንጋ ሙሽራ እሳቸው ጋ ሳትሄድ አትዳርም። ሥሩን ወንዝ ዳር ወርደው ራሳቸው ይቆፍሩታል፣ ይልጡታል፣ ይወቅጡታል፤ በጥፍሩና በመዳፉ ላይ መርገው በጉሎ ቅጠል ይጠቀልሉታል። ሲፈታ እጁ እንደ በሰለ ቡና ቀልቶ ይወጣል። ግን ማንንም እንዲሁ አይቀበሉም። ሦስት ወር ቀድማ ያልመጣችውን «ባዶ አጥር ቀለም አልቀባም» ብለው ይመልሷታል። መጀመሪያ ጥፍሯ እንዲያድግ ጎመኑን፣ ምስሩን፣ እንቁላሉን ያዝዙላታል። «ጥፍር ከውጭ አትመጣም፣ ከውስጥ ነው የምትመጣው» ይላሉ። ይህን ያሉት እሳቸው ናቸው፤ እኔ አይደለሁም።

ልጅ አልወለዱም። እኅታቸው ስትሞት የተወቻትን አስቴርን ነው ያሳደጉት። አስቴር ቀጭን፣ ረጋ ያለች፣ ቀስ ብላ የምትራመድ ልጅ ነበረች። ቀስ የምትለው ከጨዋነት ይመስለን ነበር። ዳገቱ መሐል ላይ ቆማ አጥሩን ስትደገፍም ሰው እስኪያልፍ የምትጠብቅ እንጂ ትንፋሽ ያጠራት አይመስልም። ዝናብ ሲያባራ የጭቃ ግድግዳውን ጥግ ታሸታለች፣ አፈር ያምራታል። እትዬ አማረች ይቆጧታል፣ ትተዋለች፣ ደግሞ ትጀምራለች። ይህን ሁሉ የነገሩኝ ካለፈ በኋላ ነው።

ከቦንጋ ራቅ ባለችው ገጠር፣ ደካ ላይ የሚያስተምር አንድ መምህር ለአስቴር ሽማግሌ ላከ። ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ። እትዬ አማረች ከሰኔ ጀምረው የአስቴርን እጅ ያዙ፤ ዘይቱ፣ ለብ ያለው ውኃ፣ ጎመኑ። የማንም ልጅ ጥፍር በስድስት ወር ይመጣል። የአስቴር እምቢ አለ። ሣሣ፤ ጫፉ እየተቀረፈ ይወድቃል፤ መሐሉ ጎደጎደ። ውኃ ጠብ ቢልበት እንደ ማንኪያ ይቋጥራል።

እኔ ያኔ ያንን ጥፍር ባየው ኖሮ፣ ፈዛዛ ነርስም ብሆን፣ ደም እንደሌላት አውቅ ነበር። እሳቸው ግን ለማንም አላሳዩም። የሚሠሩት ጤና ጣቢያ ውስጥ፣ ጠዋትና ማታ ከነርስ ጋር፤ እኛ ጋ ይዘዋት ለመምጣት ደጁን መሻገር ብቻ ነበር የሚጠበቅባቸው። አፈሩ። የከተማውን ሴት ሁሉ ጥፍር የሚያበቅሉት ሴት የገዛ ልጃቸው ጥፍር እምቢ አለ መባሉን አልቻሉትም። «የአማረች ልጅ ጥፍር የላትም እንዳይሉኝ» አሉኝ በኋላ፣ ዓይኔን እያዩ። ሠርጉ በደረሰ ጊዜ አስቴርን ጣቶቿን ሁለት ጊዜ ደጋግመው እንሶስላ አሞቋት። እንዲያ ያለ ቀይ ቦንጋ አላየችም። ሠርጉ ላይ ነበርኩ፤ እጇን ይዤ እያገላበጥኩ «እትዬ፣ ለእኔም በዚህ ዓይነት ነው!» አልኩ። እሳቸው ሳቁ። ያን ቀን በክንዳቸው ሸፍነው እንደሆነ አላስታውስም።

በዓመቱ በሰኔ አስቴር የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ሆና ከደካ መጣች። አክስቷ ጋ ሁለት ቀን አደረች። እትዬ አማረች «ነፍሰ ጡር ባዶ እጇን ሰው ፊት አትቀርብም» ብለው እንደገና እንሶስላ አሞቋትና በሦስተኛው ቀን ለምርመራ እኔ ጋ አስገቧት።

ስለዚያ ጠዋት ብዙ ጊዜ ለራሴ ዋሽቻለሁ። ወረፋው ረጅም ነበር እላለሁ፤ ያን ቀን ወረፋ አልነበረም። ብርሃኑ ደካማ ነበር እላለሁ፤ መስኮቱ ክፍት ነበር። ሆዷን ለካሁ። የጽንሱን ልብ አዳመጥኩ። ግፊቷን ለካሁ። ከዚያ ደም ማነስ እንዳለባት ለማየት እጇን ያዝኩ፤ ጥፍሯም መዳፏም ቀይ ነው፣ የእንሶስላ ቀይ። ምንም አይታይበትም። እንዲህ ሲሆን ምን እንደሚደረግ ተምሬያለሁ። የዓይንን የታችኛውን ቆብ በአውራ ጣት ዝቅ ማድረግ ነው። ውስጡ ቀይ ከሆነ ደም አለ፤ ነጭ ከሆነ የለም። ምላስንም ማየት ነው። ከሁለት ትንፋሽ በላይ አይፈጅም። እኔ ግን ስለ ሠርጓ እያወራሁ ነበር። «ደካ ብርድ ነው አሉ» እያልኩ ነበር። የእትዬ አማረች ልጅ ስለሆነችም ምን ይጎድልባታል ብያለሁ መሰለኝ። እጇን መታ መታ አድርጌ «ይህ እጅ የኔ ቢሆን ሥራ አልሠራበትም» አልኳትና ሳቀች። ካርዷ ላይ «ደም ማነስ፦ የለም» ብዬ ጻፍኩ።

በነሐሴ ደካ ላይ ወለደች። ልጁ ሳያለቅስ ቀረ፤ እሷ ደሟ አልቆም አለ። መንገዱ ጭቃ ስለነበር መኪና ወደሚገኝበት በቃሬዛ ተሸክመዋት ወጡ። ሌላ ሴት ብትሆን ያን ያህል ደም ፈስሷትም ሆስፒታል ትደርስ ይሆናል። አስቴር የሚፈስሰው ብዙ አልነበራትም። ገና ግማሽ መንገድ ሳይሄዱ ቃሬዛውን አወረዱት። እትዬ አማረች የደረሱት ስትገነዝ ነው። እጇን አዩ። ከሰኔ ወዲህ ጥፍሩ ትንሽ አድጓል፤ ጫፉ የእሳቸው ቀይ ነው፣ ከሥሩ የወጣው አዲሱ ግን ወረቀት ይመስላል። «ነጭ ነበር። በሕይወት እያለችም ነጭ ነበር» አሉኝ ሲመለሱ።

እኔ ካርድ ክፍል ገብቼ ካርዷን አወጣሁ። ጽሕፈቱ የኔው ነው። አየሁትና መልሼ ቦታው ከተትኩት። የደም ማነስ ኪኒን ጀምራ፣ ሆስፒታል ትውለድ ብዬ ብጽፍላት ትተርፍ ነበር ወይ? አላውቅም። ምናልባት። ይህ «ምናልባት» የሚሉት ነገር ነው የማያስተኛው።

ያደረግሁትን ክፉ ነገር ግን ገና አልተናገርኩም። በመስከረም አንድ ጠዋት ለሚመጡት እናቶች የጤና ትምህርት የማስተማር ተራው የኔ ነበር። አግዳሚው ሞልቷል። ስለ ክትባት ልናገር አስቤ ነበር የተነሣሁት። ሳላስበው፣ ወይም አስቤ፣ እንዲህ አልኩ፦ «እንሶስላ ሞቃችሁ ለምርመራ አትምጡ። ደም ማነስን የምናየው በጥፍር ነው። ጥፍራችሁ ከተቀባ እኛ ምንም ማየት አንችልም። በዚህ የተነሣ የሞቱ እናቶች አሉ።» ስለ ዓይን ቆብ ትንፍሽ አላልኩም። የእንሶስላው ጥፋት ከሆነ የኔ አይደለም ማለት ነዋ! ንግግሬን ሳልጨርስ ኋላ በኩል ባልዲ ሲደፋ ሰማሁ። እትዬ አማረች ወለሉን ሊወለውሉ መጥተው ቆመው ሲሰሙኝ ነበር። ውኃው እስከ አግዳሚው ድረስ ሄደ። እሳቸው አልጠረጉትም፤ እኔን ነበር የሚያዩት።

ያን ቀን ጥፍራቸውን በምላጭ ከሥር ቆረጡ፣ ደረቁን። ጓንቱን ለዕቃ ግምጃ ቤት መለሱ። ከዚያ ወዲያ በባዶ እጃቸው በበረኪና ይሠሩ ጀመር፤ በዓመቱ ያ እጅ የሌላ ሰው እጅ ሆነ። አንዴ «እትዬ፣ ደግሞ ያሳድጓት እንጂ» ብላቸው «ምን ልትሸፍንልኝ?» አሉኝ። ሙሽሮች ቢለምኗቸው፣ እናቶቻቸው በሽማግሌ ቢያስጠይቋቸው እምቢ አሉ።

ይባስ ብለው ደግሞ ጠዋት ጠዋት ሎሚ፣ አመድና ጠንካራ ቡሩሽ ይዘው በሩ ላይ መቆም ጀመሩ። እንሶስላ ወይም ሂና የሞቀች ነፍሰ ጡር ከመጣች እጇን ይዘው ያሻሉ። እንሶስላ በሎሚ አይለቅም። ይህን ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም፤ ሴቶቹ እያመማቸው ሲጮኹ እሳቸው ማሸታቸውን አያቆሙም። «የጥፍር ፖሊስ» የሚል ስም ወጣላቸው። ወሬው እስከ ቢታ ገነት ደረሰ አሉ። አንዳንዷ ቀለሟን ይዛ ከሩቅ ታያቸውና ከበሩ ትመለሳለች። የተመለሱት የት እንደወለዱ፣ እንዴት እንደወለዱ ማንም አልጠየቀም።

ግምገማ ላይ ቀረቡ። ያኔ ሁሉ ነገር በግምገማ ነው። እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበርኩ። ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠርጎ ጀመረ።

«እትዬ አማረች፣ እናቶችን ያመናጭቃሉ፣ የሕዝብ ባህል ያንቋሽሻሉ የሚል ጥቆማ ደርሶናል። ሂሱን ይቀበላሉ?»

ብድግ አሉ። የተላላጡ እጆቻቸውን ነጠላቸው ውስጥ አስገቡ።

«ሂሱን እቀበላለሁ» አሉ። «ነገም አጥባለሁ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሰብሳቢውም ሳቀ። እኔ ጎንበስ ብዬ «ሂሱን ተቀብለዋል» ብዬ ጻፍኩ። በዚያ ስብሰባ ውስጥ እውነቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እኔም ብዕር ይዤ ነበር። ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው። በማግሥቱ ጠዋት በሩ ላይ ነበሩ።

እኔ በበኩሌ ከአስቴር በኋላ የማንንም ሴት የዓይን ቆብ ሳልገልጥ አሳልፌ አላውቅም። እንሶስላ ትሙቅ፣ አትሙቅ፣ መጀመሪያ ዓይን ነው። በሬን ግን ዘግቼ ነበር የማየው። ለምን እንደምዘጋው ለራሴም አልነገርኩም።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ መዝጋቱን ረሳሁ። ከገጠር የመጣች ሴት ዓይን ገልጬ እያየሁ ሳለ ቀና ስል እትዬ አማረች ባልዲያቸውን ይዘው የበሩ መድረክ ላይ ቆመዋል። ሴትዮዋ እስክትወጣ ጠበቁ። ከዚያ ገብተው ባልዲውን አስቀመጡና በሽተኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀመጡ። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠው አይቻቸው አላውቅም።

«ሲስተር፣ ዓይኗን ገልጠሽ ምን አየሽ?»

«ትራኮማ እንዳለባት ነው ያየሁት» አልኩ።

«የዓይን በሽታ?»

«አዎ። የዓይን በሽታ።»

እጃቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ያዩት ነበር።

«ልጠይቅሽ። እኔ አልተማርኩም፣ አንቺ ታውቂያለሽ። ያን ቀን የአስቴር ጥፍር ቀይ ነበር። እሺ። ከጥፍር ሌላ ደም የሚታይበት ቦታ አለ? ሌላ ቦታ ካለ፣ እኔ ብቻ አይደለሁም ማለት ነው። እሱን ብቻ ንገሪኝ።»

ውጭ ዝናቡ ጀምሮ ነበር፤ ቆርቆሮው ግን ገና አልጮኸም። አልሰማሁም ልል አልችልም። ለመናገር አፌን ከፈትኩ፤ እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ ልናገር ነበር። ካርዱ ታየኝ። ግምገማው ታየኝ፤ ሰብሳቢው «ሂሱን ትቀበያለሽ?» ሲለኝ። እናቴ ታየችኝ፣ በእኔ ደመወዝ የምትኖረው።

«የለም እትዬ» አልኩ። «ከጥፍር ሌላ የለም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ብዙ ጊዜ፣ ቀስ እያሉ። አላለቀሱም። ወንበሩን ተደግፈው ተነሡና የተላላጠ እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አደረጉ።

«እግዜር ይስጥሽ ልጄ» አሉኝ። «ሰው ሁሉ ሊያጽናናኝ ይዋሸኛል። እውነቱን የነገርሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ።»

ባልዲያቸውን አንሥተው ወደ ማዋለጃ ክፍሉ ሄዱ።